ዘጠነኛው ቤዝ ጊታር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስቆርጥ ዋልኩ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የመቁረጫ ማሽኑ የኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት... አስሩም ጣቶቼ አሉ። አለቃዬ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እጄን እያነሳ ያሳየዋል። ሙዚየም ያለሁ ይመስለኛል።

ማታ ቤዝ ጊታሬን አወጣሁት። ስምንተኛው ነው። ከአራት ወር በፊት ስገዛው ከእንግዲህ በቃኝ ብዬ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር ጎደለው። ክሩ ይሆን? ክሩን የቀየርኩት ባለፈው ሳምንት ነው። እንጨቱ ይሆን? እኔ እንጃ። ብቻ ልቤ ከሱ ሸፈተ።

ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ በመነፅሯ በላይ አየችኝ። ይሄ አስተያየት የት እንደሚያደርስ ሁለታችንም እናውቃለን።

እሁድ፣ የካቲት 9

ልምምድ። እንደ ወትሮው በፀጉር ቤቱ ጓሮ ክፍል፣ በፎጣና በሻምፑ ካርቶን መሀል። አራት ነን። ዘፋኙና አለቃችን ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከበሮውን የሚመታው ቆርቆሮ የምንለው ጓደኛችን ነው። ታክሲ ነጂ ነው፣ ስሙን ያወጣንለት በድምፁ ነው። ኪቦርዱን የሚጫወተው ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር ነው። እና እኔ። አስራ ሰባት ዓመት አብረን ነን። አንዳችንም በዚህ እንጀራ አልበላንም፣ አንበላምም።

ዛሬ ግን ወሬ ነበረ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ መጋቢት 13 ታገባለች። አባቷ "ሌላ ባንድ አልፈልግም፣ እናንተ ናችሁ" አለ። ይቺ ልጅ ትንሽ ሳለች የአምፑን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ ቁልፍ እያዞረች ጆሯችንን ታደነቁረን ነበር። እሷ ሰርግ ላይ ካልተጫወትኩ የት ልጫወት?

ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። "አደራህን። ይቺን ጊታር እስከ ሰርጉ አትቀይራት። ልጄን አስብ።"

አልቀይርም አልኩት። የምሬን ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የሽያጭ ማስታወቂያ ማየት አልነበረብኝም።

የድሮ ቤዝ። ጥቁር ቡናማ። ባለቤቱ አንድ ሆቴል ያለው ሰውዬ ነው፣ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ይርቃል። ደወልኩለት። በስልክ አንድ ክር መታልኝ። ብቻ አንድ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

"እስከ እሁድ አቆይልሃለሁ" አለ።

ችግሩ የቤቱ ሕግ ነው። አንድ ሳይወጣ አንድ አይገባም። አልጋ ስር ሦስት ጊታር የተገኘ ቀን ባለቤቴ ያወጣችው ሕግ ነው፣ ይግባኝ የለውም። ስለዚህ ስምንተኛው መጀመሪያ መሸጥ አለበት። ማስታወቂያ ለጠፍኩ።

ለሰርጉ ስል ነው። ልጅቷ የተሻለ ድምፅ ይገባታል... አይደል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ገዢ መጣች። ፋርማሲስት ናት፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ነጩ ጋዋን ከቦርሳዋ ጫፉ ይታያል። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች።

ሻጭ ዝም ይላል። ይሄ የኛ የጊታር ነጋዴዎች ወግ ነው። ገዢው ራሱ ይሞክር፣ ራሱ ይውደድ። እኔም ዝም አልኩ። እሷም ብዙ አልተጫወተችም። አራት ድምፅ፣ ቀስ ብላ። ቆየች። ደገመችው።

"ክሮቹን ማን ነው እንዲህ ያስተካከላቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ። እንዲህ የሚመች ይዤ አላውቅም። ታዲያ ለምን ይሸጡታል?"

እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። "አንድ ነገር ይጎድለዋል" አልኳት። እንዲህ የሚል ሻጭ ታይቶ ይታወቃል?

እንደገና መታችው። ጆሮዋን ወደ እንጨቱ አስጠግታ ሰማች። "ምን?" አለችኝ። ለመከራከር አልነበረም፣ የእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው።

ገዛችው።

እሁድ፣ የካቲት 16

ልምምድ ቀረሁ። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ሄድኩ። ባለ ሆቴሉ ትናንት ሸጦታል።

"የምትመጣ አልመሰለኝም" አለ። ሻይ ጋበዘኝ። ሻዩን ጠጣሁ። ባዶውን የጊታር ቦርሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለት ሰዓት ተመለስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ቦርሳውን ነካ አድርገው "ምን ይዘሃል ልጄ?" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ፀጉር አስተካካዩ ደወለ። አሞኝ ነው አልኩት። "ምንህን?" አለ። ጀርባዬን አልኩ። ለምን ጀርባዬን እንዳልኩ አላውቅም። አሁን የእውነት አመመኝ።

ቤት ውስጥ ጊታር የለም። ግድግዳው ላይ ማንጠልጠያው ብቻ። ዓመታት ሆኖኛል እንዲህ ባዶ ካየሁት። ማስታወቂያዎቹ ውስጥ አንድም ደህና የለም።

እሁድ፣ የካቲት 23

ይሄን መጻፍ አልፈልግም። ልጻፈው።

ጠዋት ለፋርማሲስቷ ደወልኩ። እያፈርኩ "ለአንድ ልምምድ ብቻ ታውሽኝ?" አልኳት። የሸጠውን ዕቃ መልሶ የሚዋስ ሰው... "ላውስዎት ሳይሆን ራሴ ይዤው ልምጣ" አለች። መጣችም። ጥግ ላይ የሻምፑ ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

ጊታሩ መሸጡን ለባንዱ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መሬት መሬት ነው ያየው።

ተጫወትን። እንደ ወትሮው ነበር። ቆርቆሮ ከበሮው ላይ ፊቱን አጨማደደ፣ እንደ ወትሮው። መምህሩ በመሀል ቆመ፣ እንደገና ጀመርን። የሙሽራዋ መግቢያ ዘፈን ነው፣ ሦስቴ ጀመርነው።

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ እንግዳዋን ላለማሳፈር ያህል "እህቴ፣ እስቲ አንቺም ሞክሪያት" አላት። ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫወቱት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይቆሙ። ቆርቆሮ ሳቀ። ሲጫወት ስቆ አያውቅም። እኔ የፀጉር ማድረቂያው ስር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ጊታሩ ያው የኔ ጊታር ነው፣ ያው አምፕ፣ ያው ክር።

ምንም አልጎደለውም።

ሲያበቁ ማንም ወደኔ አላየም። መምህሩ መነፅሩን ያለ ቅጥ ሲወለውል ቆየ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ፀጉር አስተካካዩ ማተሚያ ቤት መጣ። ሱቁን ዘግቶ፣ በሥራ ቀን። ማሽኑን አጠፋሁ።

"አንተ ራስህ ታውቀዋለህ" አለኝ።

"አውቀዋለሁ።"

"እሷ የምትጫወተው ለሰርጉ ብቻ ነው።"

"እሺ።"

"ቅር አለህ?"

"አላለኝም" አልኩ። ውሸት ነው። ቅር ብሎኛል። ግን ምን ልበለው? አደራውን የበላሁት እኔ። ጊታሩን የሸጥኩት እኔ። ሴትዮዋን በስልክ የጠራኋት እኔ። በገዛ እጄ ወንበሬን አቧራውን ጠርጌ አስረከብኩ።

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ሸሚዜ ላይ የሰው ፀጉር ትቶልኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ሰርጉ ላይ እንግዳ ሆኜ ሄድኩ። ባንዱን ከእንግዶች መሀል ሆኜ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ደህና ናቸው ለካ። ቆርቆሮም ደህና ነው። ሙሽራዋ አቅፋኝ "አጎቴ፣ አንተስ ለምን አትጫወትም?" አለችኝ። ጀርባዬን አሞኝ ነው አልኳት።

ባለቤቴ ሰማችኝ። እጄን ያዘችኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 14

ለኔ ልምምድ የሌለበት እሁድ፤ ጊታር ስለሌለኝ ባንዱ ከፋርማሲስቷ ጋር ቀጥሏል። ለምን ይረዝማል?

ባለቤቴ ሱሪ ስታሳጥር አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እኔ የምለው... ስምንት ጊታር ቀይሬ አንዱም ያልሆነው ለምንድን ነው?" አልኩ። ለራሴ ነበር የምጠይቀው።

"ትቸኩላለህ እኮ" አለችኝ። ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

"የት?"

"አዝማቹ ሊገባ ሲል። ከሱ በፊት ያለችውን ትንሽ ክፍተት አትጠብቃትም፣ ዘለህ ትገባለህ። ስምንቱም ላይ።"

ሙዚቃ የተማረች ሴት አይደለችም። በግድግዳ በኩል አስራ ሰባት ዓመት ስሰማህ ኖርኩ አለች። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። "እንዲህ ነው የሚጫወቱት ብዬ" አለች።

ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ሁለት ብርጭቆ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ዘጠነኛውን ገዛሁ። የተጣለ ነገር ነው፣ ከባድ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ አንዱ ቁልፍ የማይዞር። ሻጩ "ለጌጥ ይሆናል" አለኝ። ስምንተኛው ቀድሞ ስለወጣ ሕጉ አልተጣሰም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

አንዲት ቦታ። ሁልጊዜ ያቺው ቦታ። ከሥራ መልስ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ትከሻዬ እምቢ ይላል። ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ "ቸኮልክ" ትለኛለች። እጀምራለሁ። "ቸኮልክ።" በዚህ ዕድሜ በገዛ ቤቴ ተማሪ ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቸኮልኩ። ቸኮልኩ። ቸኮልኩ። ደከመኝ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 26

አንዴ ጠበቅኳት። ያቺን ክፍተት። ትንሽ ናት፣ ግን እዚያ ውስጥ መቆም ያስፈራል። ሁሉም ትተውኝ የሄዱ ይመስለኛል፣ ለዚያ ነው ለካ የምሮጠው። ሁለተኛ ስሞክር አመለጠችኝ።

ማስታወቂያ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ።

እሁድ፣ ግንቦት 3

ፀጉር አስተካካዩ ደወለ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ልጁ አወራን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፋርማሲስቷ ለሁለት ወር እሁድ እሁድ ተረኛ ሆነች። ቦታህ ባዶ ነው። ከሚቀጥለው እሁድ ጀምረህ ና።"

ድሮ ቢሆን ሳይጨርስ እሺ ብዬ ጫማዬን እፈልግ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ገና ነኝ" አልኩት።

"ጊታር የለህም?"

"አለኝ። አዝማቹ ሲገባ እቸኩላለሁ። ከአምስት አንዴ ነው የምይዛት።"

አልገረመውም።

"ታውቁ ነበር?" አልኩት።

"እናውቃለን።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም።"

"ታዲያ አስራ ሰባት ዓመት አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?"

"አንተ እኮ ጊታሩ ነው ትለን ነበር" አለኝ። "አዲስ ይዘህ በመጣህ ቁጥር ደግሞ ደስ ይልህ ነበር። እኛም ምናልባት ይሄኛው ይሆናል ብለን እንጠብቅ ነበር።"

አፈርኩ። ወደድኳቸውም፣ ሦስቱንም፣ ከመቼውም ይልቅ። ሁለቱንም አልነገርኩትም። ከሦስት እሁድ በኋላ እመጣለሁ አልኩት። "ይመችህ" አለኝ።

ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትሰማ ነበር። ወንበሬን ወደሷ አዞርኩና ቤዙን አነሳሁ።