ሁለት ልጆች አሉኝ አልኩ

ጥቅምት 4፣ 1975
ቢሮ ዋልኩ። መዝገብ ቤቱ አቧራ ብቻ። ከሰዓት ውይይት ክበብ ነበር፤ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ሰብሳቢው ሲገላምጠኝ ነቃሁ። ጠረጴዛ የሚጋራኝ መሸሻ ጉንጬን አይቶ «ስብሐት፣ አንተ ምላጭ ሳትገዛ ልትሞት ነው» አለ። ሳቅሁለት። ምን ላድርግ?

ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ጺም የለኝም፣ አቅም የለኝም። ከሚስቴ ከጽጌረዳ ጋር ያለውንማ... እዚህ መጻፉም ያሳፍራል።

ነገ የደም ምርመራዬ ውጤት ይደርሳል። ለጽጌረዳ ወገቤን ነው የሚያመኝ ብያታለሁ።

ጥቅምት 5
ሐኪሙ ቡልጋሪያዊ ነው። አማርኛ ስለማይችል ሲስተር ደራርቱ የምትባል ነርስ ታስተረጉምለታለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። «የወንድ ሆርሞንዎ በጣም አንሷል» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ልጆች አሉዎት?» አለች።

በዚህች ልጅ ፊት የለኝም ልበል? «ሁለት» አልኩ።

«ሌላ መውለድ ይፈልጋሉ?»

«ኧረ ይበቁኛል።»

ጻፈው። ከዚያ ምርጫዎቹን ነገሩኝ። አዲስ የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ አገር ውስጥ አይገኝም። የቆየ ክኒን አለ፣ ጉበት ይጎዳል። ሦስተኛው መርፌ ነው፤ ዘይት ያለው፣ መቀመጫ ላይ፣ በሦስት ሳምንት አንዴ። መርፌውን አልኩ። እዚያው ወጉኝ።

ሁለት ልጅ! ስማቸውን ቢጠይቁኝስ ኖሮ?

ታኅሣሥ 21
መርፌው ሠራ! እንቅልፉ ጠፋ። አገጬ ላይ ጠቆር ጠቆር ብሏል። ጽጌረዳ በዳበሳ አግኝታው ሳቀች። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት፣ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ወጥታ ስለቷን አደሰች። «ዘንድሮስ ትሰማኛለች» አለችኝ። አሜን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሰኔ 2
ምንም የለም።

ጽጌረዳ ከቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች። አንዷ «ለሁለት ሰው ስኳር ምን ያደርጋል፣ ለወላድ ልቀቂ» ብላታለች።

ነሐሴ 18
እትዬ ማሚቴ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፣ እንደ እናት ያሳደገችኝ፤ ስትናገር ግን ልጓም የላትም። «ይቺ ሴት ዘርህን ልታጠፋው ነው። ሌላ አግባ በቃ» አለች። ጽጌረዳ ጓዳ ነበረች። ዕቃ ማጠቡን አቆመች። ሰምታለች።

እኔ ዝም አልኩ። ከዝምታዬ የባሰው ግን ሐሳቤ ነው። እኔ እኮ ድኛለሁ... ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ኅዳር 5፣ 1976
ተጣላን። በምን እንደጀመረ እንኳ አላስታውስም። «እኔ ጤነኛ ነኝ! አንቺ ሄደሽ ታዪ!» አልኳት። እንዴት ከአፌ ወጣ?

ኅዳር 12
ሄዳ ታየች። ምንም የለባትም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

ኅዳር 19
ሆስፒታል። ከሦስት ቀን በፊት በሰጠሁት ናሙና ውስጥ ዘር የሚባል የለም። አንድም።

ደራርቱ መጀመሪያ አልገባትም። «ለምን ተጨነቁ? ሁለት አሉኝ ብለውን ነበር እኮ።»

«የለኝም» አልኩ። «አንድም የለኝም።»

ለሐኪሙ ስትነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ተናገረ። እሷ ቀስ እያለች፣ አሁን ዓይኔን ሳታይ፣ ነገረችኝ። መርፌው ጉልበትና ጺም ይሰጣል፤ ያለችኝን ጥቂት ዘር ግን ያጠፋል። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ሌላ መርፌ ነበረ፣ በሳምንት ሦስቴ የሚወጋ፣ የራስን አካል ዘር እንዲሠራ የሚቀሰቅስ። ያን ጊዜ ነበረ። አሁን ወደ አገር መግባት አቁሟል። ይሄኛውን ባቆም ምናልባት በዓመት፣ ምናልባት በሁለት ዓመት ያቺ ጥቂቷ ትመለሳለች። ላትመለስም ትችላለች። እስከዚያ ድሮ ወደነበርኩት ሰውዬ...

ሽቅብ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ጽጌረዳ ሠላሳ ስምንት ሞልቷታል።

ኅዳር 20
ነገርኳት። ሁሉንም።

«ሐኪም ቤት ስትልከኝ ታውቅ ነበር?» አለች።

«መርፌው እንዲህ እንደሚያደርግ አላወቅሁም።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። በሽታው ካንተ እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«...አውቅ ነበር።»

«እህትህ ስትሰድበኝም?»

«አዎ።»

ተነስታ ጓዳ ገባች። ብታለቅስ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 24
ሄደች። ወንድሟ ታረቀኝ ከሸጎሌ መጥቶ ሻንጣዋን ተሸከመላት። ሰላም አለኝ፣ እጄን ጨብጦ። ምክንያቱን አልነገረችውም ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ነውሬን ሸፈነችልኝ።

ታኅሣሥ 10
የመርፌ ቀን ነበር። አልሄድኩም። ለማን ብዬ?

ጥር 1
አልጋ ላይ ዋልኩ።

ጥር 3
እትዬ ማሚቴ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «እንኳን ሄደች! አሁን ወላድ እንፈልግልሃለን» አለች።

«እትዬ፣ መካኑ እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ። እሷ ምንም የለባትም። ሐኪም ነው የነገረኝ።» የዕድሜ ልክ ውሸቴን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ደረቴ ቀለል አለኝ። ለአንድ አፍታ።

ዓይኗ እንባ ሞላ። ያመነችኝ መሰለኝ። ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። «ደግነትህ እኮ ነው የሚገድልህ፣ ስብሐቴ! ጥላህ ሄዳም ገመናዋን ትሸፍንላታለህ?»

ማልኩላት። በማርያም ማልኩ። «በእመቤቴ ስም በሐሰት አትማል» ብላ ተቆጣችኝ። ወጣች።

በር ላይ ከጎረቤታችን ከዓለሜ ጋር ቆመው ድምፃቸው ይሰማኛል። «የሷን መካንነት ራሱ ተሸክሞ ቁጭ ብሏል። ምን ዓይነት ሰው ነው?» ዓለሜ ከንፈሯን መጠጠች። «አይ ጋሽ ስብሐት! እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል?»

ወጥቼ ልጩህ ብዬ እስከ በሩ ደረስኩ። ተመለስኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ለምሳ ዓለሜ ዶሮ ወጥ ላከችልኝ። በላሁት።