በጎተራው ግድግዳ ላይ ስላለው የመሠዊያ ቀንድ

ለክቡር ጌታዬ ሴማክያ፣ በደቡብ ይሁዳ የንጉሥ ጎተራ ሹም፤

ሹመትዎን ያዳብርልዎ፣ ጤናዎን ያብዛልዎ እያልኩ፣ እኔ የሐጸር ዔላዋ ሐጊት ይህን በሦስት የሸክላ ገል ላይ አስጽፌ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው በከተማችን በር ላይ አኑሬዋለሁ።

አንደኛ፤ ንጉሣችን ከኢየሩሳሌሙ ቤት በቀር መሠዊያ አይኑር ባሉ ጊዜ እርስዎ የእኛን ባንድ ቀን ስላፈረሱልን እናመሰግናለን። ድንጋዩም እንዳይባክን ለጎተራዎ ግድግዳ አዋሉት፤ ቁጠባዎ ያስቀናል። ከመሠዊያው አራት ማዕዘን ከወጡት የድንጋይ ቀንዶች አንዱ ግን ከግድግዳው ላይ ፈጥጦ ቀርቷል።

ሁለተኛ፤ ለዚያው ጎተራ እንጨት እንዲቆርጡ ወንድሜን ያሚንንና ጎረቤታችንን ዔፌርን ወሰዷቸው። ያሚን የተሰጠው ምሳር ዛቢያው እንደላላ ቢናገር «ሥራህን ሥራ!» ተባለ። ምሳሩ ወልቆ ዔፌርን ገደለው። አብረው ያደጉ ናቸው፤ ያሚን እስካሁን ስሙን እየጠራ ያለቅሳል።

የዔፌር ወንድም ኦናም ደሙን ሊመልስ ጦሩን አነሳ። በአያቶቻችን ሥርዓት ሳያስበው ሰው የገደለ የመሠዊያ ቀንድ ከያዘ አይነካምና፣ ያሚን ሮጦ በጎተራዎ ግድግዳ ላይ ያለውን ቀንድ ጨበጠ። ይኸው ሦስት ቀኑ። ኦናምም ፊት ለፊቱ ቆሞ «ንገሩኛ! ይሄ መሠዊያ ነው ወይስ ግድግዳ? መሠዊያ ከሆነ ልጠብቅ፣ ግድግዳ ከሆነ ልጨርሰው!» ይላል። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ እውላለሁ፤ መቀመጥ አቅቶኛል፣ እህል ከአፌ አልደረሰም።

በአዲሱ ሕግ ሳያስበው የገደለ የሚጠጋበት የመማፀኛ ከተማ እንዳለ ስላስነበቡልን ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ መነሻው ላይ ግን ኦናም አለ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነውና ክስ የለኝም። የምለምነው ወይ ሁለት አጃቢ፣ ወይ አንድ ቃል ነው፦ ቀንዱ ያድናል ወይስ አያድንም?

ከደጅዎ ትቢያ ላይ ሆኜ እጅ የምነሳ፣ ገና ወንድም ያላት
ሐጊት

ይህን አስጽፌ ሳበቃ፣ የጎተራው ዘበኛዎ ቀንዱን ከግድግዳው መትቶ እንዲጥለው ለኦናም መዶሻ ሰጠው። ኦናምም «እኔ የወንድሜን ደም ልመልስ እንጂ መሠዊያ ልገድል አልመጣሁም!» ብሎ መዶሻውን ወረወረው። ጥያቄዬን ደመኛዬ መልሶልኛልና በመልስ አይድከሙ። ዘበኛዎ ከከተማው ሌላ መቺ ፈልጎ ስላጣ፣ መዶሻውን ከዚህ ገል ሥር አኑሬልዎታለሁ፤ መጥተው በገዛ እጅዎ ይምቱት።