የላም ኮቴ ውስጥ የገባች ኳስ

ኮልፌ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፫

ወንድሜ ፈቀደ፣

ያረፍኩት ጨርቅ ነጋዴው ወዳጃችን ከሊፋ ቤት ነው። ከሰፈሩ ወረድ ብሎ ባለው የጎልፍ ክበብ አባል ለመሆን እሑድ ይፈተን ነበርና አብሬው ሄድኩ። ጨረታ የሚሰጡት ሹማምንት የሚውሉት እዚያ ስለሆነ መግባቱን አጥብቆ ፈልጎታል።

ሲጫወቱ ብታያቸው ትስቃለህ። አንዱ ሲስት «ይድገሙት ጌታዬ» ይሉታል። ሜዳው ላይ ከብት ስለሚውል፣ ኳሷ የላም ኮቴ የጎደጎደው ጭቃ ውስጥ ስትገባ በእጃቸው አንስተው ደህና ሣር ላይ ያስቀምጧታል። ከሊፋ ይህን ለወራት አጥር ሥር ቆሞ አይቷል። የእሱም ኳስ ገባች፤ እንዳያቸው አድርጎ አነሳት።

የክበቡ ሹም ጨዋታውን አስቆመ። «አቶ ከሊፋ፣ ኳስ በእጅ አይነካም። ደንብ ነው።»

«ቅድም እርስዎም አንስተዋል እኮ።»

«እኛ እየተጫወትን ነው። እርስዎ እየተፈተኑ ነው።»

ሌሎቹ ሳቁ። ፈተናው በዚያው አበቃና ምሳ ገቡ። እኛ ጋ የገና ጨዋታ ስንጫወት ምስለኔው እንኳ ቅልጥሙን ተመትቶ እየሳቀ ያነክሳል። እዚህ ደንቡ የሚታወሰው ለእንግዳ ብቻ ነው።

ከሊፋ ኳሷን ወደ ጭቃው መልሶ እስክትወጣ ድረስ መታት። አዲሱ ሸሚዙ ተለቀለቀ። ያየው ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ሙሉወርቅንና ልጆቹን ሳምልኝ። ከሊፋ በጥር ጨርቅ ይዞ ጅማ ሲመጣ ራት ጋብዘው፤ የጎልፍን ነገር ግን አታንሳበት።

መሸሻ