በወርቅ ሚዛን የተመዘነ ማውስ

ሰኞ

ሞተብኝ! የጌም ልምምዳችን መሃል፣ ሁለት ተጋጣሚ ብቻ ቀርተው እያለ የኮምፒውተር ማውሴ ድርቅ አለ። ትናንት ቀኑን ሙሉ መብራት ስላልነበረ ቻርጅ አላደረግኩትም። ገመዱን ፈልጌ እስክሰካ ገደሉኝ፣ ቡድናችንም ተሸነፈ። ልምምድ ነው፣ ይሁን። ግን ቅዳሜ እዚሁ አምስት ኪሎ ጌም ቤት ውድድር አለን፤ አምስት ለአምስት፣ ሰው ፊት።

መሪያችን ናቲ አልተቆጣም። "ሐያትዬ፣ ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ተቀያሪ ማስገባቴ ነው" አለኝ እየሳቀ። ሳቁ ነው ያናደደኝ። ከአምስታችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ቦታዬን አልለቅም።

ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቼ ቸርችልን ሽቅብ። የምፈልገውን ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ፦

- ገመድ አልባ። የጌም ቤቱ ጠረጴዛ ጠባብ ነው፣ ገመድ ይይዘኛል።
- ቀላል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ዲዛይን ስሠራ ስለምውል አንጓዬን ያመኛል።
- የባትሪ ድንጋይ የሚቀየርለት። ሲያልቅ አውጥቼ ሌላ ልክተት፣ በቃ።
- የሚያብለጨልጭ አይሁን!!

አንደኛው ሱቅ፦ "ለወንድምሽ ነው?" ለራሴ ነው። ሁለተኛው ሱቅ፦ እንደዚህ ዓይነት የለም፣ ቀይ ግን አለን። (ቀይ ማን ጠየቀ?)

መጨረሻ ላይ ፒያሳ፣ አባዬ የሚሠራበት ሕንፃ ሥር የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ኤልያስ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ላባ ነው፤ ግን በቻርጅ የሚሠራ። ሌላው ጥቁር፣ ምንም የማያምር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የሚበላ። ካርቶኑ ላይ ያለው ክብደት ደስ ይላል። ከሥሩ ግን በደቃቁ "ያለ ባትሪ" ይላል። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ኤልያስ ራሱ አላስተዋለውም ነበር።

"ታዲያ ከነድንጋዩ ስንት ይመጣል?"

"እኔ ሚዛን የለኝም። አባትሽ ጋ አለልሽ።"

እውነቱን ነው። አባዬ ወርቅ ሠሪ ነው። ችግሩ፣ እንደምጫወት አያውቅም። ጌም የሕፃን ነገር ነው ብሎ ያምናል፤ እኔ ደግሞ ሃያ አራት ዓመቴ ነው።

ረቡዕ

ነገርኩት።

"የምትጫወቺው ሰው ፊት ነው?" አለ አባዬ። አዎ። "ከወንዶች ጋር?" አዎ። "ታሸንፊያለሽ?" ብዙ ጊዜ፣ አልኩት። ከዚያ መነጽሩን አደረገና "አምጪው" አለ።

ወርቅ ሚዛን ላይ ማውስ! ባዶው ስልሳ ሁለት ግራም። ከሰዓት ድንጋዩ ጋር ሰማንያ አምስት። ኤልያስም ተከትሎኝ ወጥቶ ነበርና፣ "ጋሼ፣ ሃያ ሦስት ግራም ምን አላት?" አለ። አባዬ ቀና ብሎ አየው። "ሃያ ሦስት ግራም ወርቅ ስጠኝና ምን እንዳላት ልንገርህ።"

የሪሞት ድንጋይ ቢሆንስ አልኩ። ቮልቱ እኩል ነው፣ መጠኑ ነው የሚያንሰው፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ ይሠራል። ዐሥራ አንድ ግራም ብቻ! ግን አጭርና ቀጭን ስለሆነ ማደሪያው ይሰፋዋል። አባዬ ምንም ሳይለኝ ከመዳብ ቁራጭ ክፍተቱን የምትሞላ ትንሽዬ ነገር ቆርጦ ሞረዳት፣ ድንጋዩን በወረቀት ጠቀለለው። ሁሉም ተደምሮ ሰባ አምስት አልሞላም። ጥቁሩን ወሰድኩ።

አባዬ ለኔ ብሎ ሲሞርድ ማየት። እንዲህ ያለ ቀን አላስታውስም።

ሐሙስ

ናቲ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "በሪሞት ድንጋይ ልትተኩሺ ነው ወይስ ቻናል ልትቀይሪ?"

መጀመሪያ እጄ በረረ። ያሰብኩበት ቦታ ላይ እገኛለሁ። አንጓዬ ጭራሽ ዝም አለ። ከዚያ ማውሱን አንሥቼ ሳስቀምጠው ጠፋ። መልሶ በራ። እንደገና ጠፋ። ናቲ በዚህኛው አልሳቀም፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። ለአባዬ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ዓርብ

አባዬ ከጁምዓ ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ጠበቅኩት። መዳቧን አውጥቶ ለካት። "ሩብ ሚሊ ሜትር አሳጥሬያታለሁ። ስህተቱ የኔ ነው" አለ። አባዬ! ለደንበኛ እንጂ ለኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

አዲስ ሠራ። ባንኮኒው ላይ ሃያ ጊዜ እያነሣሁ ጣልኩት። አልጠፋም። ሦስት መለዋወጫ ድንጋይ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ

አሁን ገና ቤት ገባሁ።

አባዬ መጣ። ኮቱን ለብሶ ኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ጎረምሶቹ ዳኛ መስሏቸው ጸጥ አሉ።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፍን። ፍጻሜው ላይ የማውሱ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ድንጋዩ አሮጌ ኖሯል። በሁለት ዙር መሃል ያለችው እረፍት አጭር ናት። ከፈትኩ፣ አወጣሁ፣ ከተትኩ፣ ዘጋሁ፤ ጊዜ ተረፈኝ። በዚያው ዙር ጓደኞቼ ሁሉ ወደቁና ብቻዬን ከሁለት ተጋጣሚ ጋር ቀረሁ። አንዱን ከፊቴ ጣልኩት። ሌላው ከግራ ሲመጣ ዞሬ ጠበቅኩት፤ እሱም ወደቀ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ናቲ ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ።

በአንድ ዙር ተበልጠን ሁለተኛ ወጣን። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ለተቀያሪው ቦታዬን አልሰጠሁም።

ታክሲ ስንይዝ አባዬ፣ "በግራ የመጣውን እንዴት አወቅሽው?" አለኝ። ኮቴውን ሰምቼ፣ አልኩት። "ማሻአላህ" አለ። እስከ ቤት ድረስ ሌላም ሌላም ጠየቀኝ።

እሑድ

ናቲ ደወለ። ሐዋሳ ሥራ አግኝቷል፣ በሚቀጥለው ወር ይሄዳል። "የቀሩትን ሦስቱንም ጠይቄያቸዋለሁ፣ ተስማምተዋል፤ ቡድኑን አንቺ ምሪ" አለኝ። አንድ ቀን ስጠኝ አልኩት።

ለአባዬ ነገርኩት። "ፈራሽ እንዴ?" አለ። አዎ። እርሱም የመጀመሪያውን የሙሽራ ቀለበት ሲሠራ ሁለት ጊዜ አበላሽቶ እንደነበረ አጫወተኝ። ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም።

ነገ ለናቲ እመልስለታለሁ። እሺ የምል ይመስለኛል።