ሦስት ጣት ይበቃል

ለታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ደብረጼን ድረስ ይምጣልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቀሽ? እዚህ ባያ ከተማ እማዬ ደህና ናት። ጎረቤታችን እትዬ ፒሮሽካም ደህና ናቸው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ነገ ሴገድ ከተማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የድሮ የጊታር ኖታዎችሽን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። አቧራሽ ሦስቴ አስነጠሰኝ። መምህር ሌሄል፣ ገና በየአገሩ እየዞሩ ሲጫወቱ ለዕረፍት መጥተው ሲያስተምሩሽ፣ የትኛው ጣት ክሩን እንደሚመታ በቀይ እርሳስ ጽፈውልሻል፤ በየመስመሩ የቀለበት ጣት አለ። ያንኑ ዜማ ለእኔም ጽፈውልኛል፤ የእኔ ወረቀት ላይ ግን የቀለበት ጣት አንድም ቦታ የለም። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ በቃ።

ሁለት ዓመት ሙሉ መምህር "የጥንት አዋቂዎች በሦስት ጣት ነው የተጫወቱት፤ አራተኛው ለቀለበት ማሰሪያ ነው" ሲሉን አምነን ኖርን። አሥራ አንድ ተማሪዎች ነን። አሥራ አንዳችንም የቀለበት ጣታችንን ሠርግ ላይ እንደተቀመጠ ሰነፍ አጎት ዝም ብለን አስቀምጠነዋል። የከተማው ሰው "የባያ ስልት" ይለዋል። እማዬማ ስታወራለት ስልቱን ራሷ የፈጠረችው ነው የሚመስለው።

ሰኞ ትምህርት ላይ የመምህርን እጅ ሰርቄ አየሁ። ክሩን ሊነኩ ሲሉ የቀለበት ጣታቸው ሳያዙት ወደ መዳፋቸው ይጠቀለላል፤ ቀንድ አውጣ ወደ ቅርፊቱ እንደሚገባው። ሻይ ሲያነሱ ደህና ነው፤ የእኔን ጆሮ ሲቆነጥጡም ደህና ነው። የተጣላው ከክር ጋር ብቻ ነው። ቪየናና ሚላኖ አዳራሽ ሞልቶላቸው የኖሩት ሰውዬ ድንገት "ጉዞ ሰለቸኝ፤ ልጆች ላስተምር" ብለው ከሁለት ዓመት በፊት ጠቅልለው የመጡበት ምክንያት ያኔ ገባኝ።

እህቴ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ፈታኞቹ ነገ "ጣትሽ ለምን ቆመ?" ማለታቸው አይቀርም። መምህሬ ናቸው ያስተማሩኝ ካልኩ፣ እነሱ የጊታር ሰዎች ናቸውና የእሳቸው ጣት እንደከዳቸው ወዲያው ይገባቸዋል፤ ወሬው ከእኔ ባቡር ቀድሞ ባያ ይገባል። ዳይሬክተራችን ደግሞ መምህርን አሰናብተው ወጣት አስተማሪ ለመቅጠር ሰበብ ነው የሚፈልጉት። ዝም ካልኩ "ግማሽ የተማረች" ብለው ይጥሉኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የመግቢያ ዕድሜዬ ያልፋል።

ዛሬ ከሰዓት መምህር ቤታችን መጡ። እማዬ የዓሣ ሾርባ አቀረበችና ዳቦ ልታመጣ ወጣች። ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስሚ አንቺ ቀበጥ፣ ነገ ስለ ጣትሽ ይጠይቁሻል፤ ስሜን ጠርተሽ እሱ ነው ያስተማረኝ በያቸው" አሉኝ።

እኔም፣ "የጥንቶቹን አዋቂዎች ብጠራስ መምህር? እነሱ ሞተዋል፣ ማንም ከሥራ አያባርራቸውም" አልኳቸው።

አልሳቁም። ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር አስገቡ። "የእኔን ውሸት ተሸክመሽ እንድትወድቂ አልፈልግም" አሉ። ቀጥለውም በግራ እጃቸው ሾርባውን መብላት ጀመሩ፤ ግማሹ ከረባታቸው ላይ ፈሰሰ። እማዬ ተመልሳ ምን እንደምንዶልት ስትጠይቅ፣ "ስለ ጥፍር አሞራረድ ነው እትዬ" አሏት።

ከሄዱ በኋላ ከእማዬ መሳቢያ ፋሻ አወጣሁና የቀኝ እጄን የቀለበት ጣት ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩት። ምንም አልሆነም፤ አትደንግጪ። ለእማዬ የዶሮ ቤቱ በር ቆነጠጠኝ አልኳት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ በሩን ስትሰድበው ቆየች። ደውላ ብትነግርሽ አንቺም በሩን ስደቢልኝ፣ አደራ።

ፈታኞቹ ፋሻ ላይ ጥያቄ አይኖራቸውም፤ ምናልባትም ያዝኑልኛል። አሁን ከፈተናው በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መምህር ሊሸኙኝ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ይመጣሉ። በቀኝ እጄ ስሰናበታቸው ፋሻውን ያዩታል፤ ውሸታቸውን ተሸክሜ እንደሄድኩም ያውቃሉ።

አምላክ ደጅሽን በሰላም ይሙላው፤ አሥሩንም ጣቶችሽን ይጠብቅልሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ