ሲገፏት ቀጥ ብላ የምትሄደው ላንድሮቨር

ጳጉሜን 3 ቀን 1976 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለተከበሩ ጓድ አክሊሉ ወልደ ማርያም
የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ፣ የአሥረኛው የአብዮት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም እዚህ ዘርዝሬ የማልጨርሳቸው የሌሎች ኮሚቴዎች ሁሉ ሰብሳቢ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጉንፋንዎ እንደለቀቀዎት፣ ድምፅዎም ለበዓሉ ንግግር እንደተመለሰልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤና ለጠየቀ፣ ከመሪ ላይ አንስተው ለበዓሉ አደባባይ ላይ የተሠራው ቅስት ጠባቂ ካደረጉኝ ወዲህ ንጹሕ አየርና ንጹሕ ዝናብ በብዛት እያገኘሁ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልኩ ስለተመለስኩ ነው፤ ሂስ በአደባባይ ሲሆን ያምራል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑም ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ፣ እኔ ጥሩሰው ከጊምቢቹና ከሀቢቾ ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ወደ ሆሳዕና የምታመጣው ላንድሮቨር ሹፌር ነበርኩ። ከሐምሌ ወዲህ ይህቺ መኪና ቤንዚን በረገጥኩ ቁጥር ወደ ግራ ትጎትታለች፤ እግሬን ሳነሳ ደግሞ ወደ ቀኝ ትመለሳለች፤ በአንድ ፍጥነት ከነዳኋት ግን ምንም አትልም። ቤንዚን ስረግጥ የምትጎትተው ወደ ቀኝ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ከጋራዥ አልፎ ሌላ ቦታ ይታይ ነበርና ስለዚህም አመሰግናለሁ። እንግዲህ የተደረገልኝን ሁሉ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ/ ኮሚቴዎ በመጀመሪያ የደረሰበት ድምዳሜ መንገዱ ወደ ግራ ያጋደለ ነው የሚል ነበር። እኔም፣ ስሄድ ወደ ግራ ያጋደለ መንገድ ስመለስ ወደ ቀኝ ሊያጋድል ይገባው ነበር ብዬ፣ መኪናዋ ግን ስሄድም ስመለስም ወደ ግራ እንደምትጎትት በትሕትና ባስረዳ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ መንገዱ በሁለቱም በኩል ያጋደለ ነው ተብሎ ተጻፈ። እንዲህ ያለ መንገድ ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። እኔም ብሆን አዋቂ ነኝ አልልም፤ የግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዘዋወርኩ፣ ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ ንፋሱን አስለካሁ፣ ፍሬን ይዟት ይሆናል ብዬ ቸርኬዎቹን በእጄ ዳሰስኩ፣ አንዱም አልጋለም፤ ደክሜ ቀረሁ።

2ኛ/ ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ግን ነሐሴ ላይ ያካሄዱት ምርመራ ነው። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ለፍተሻ ተብሎ ቤንዚን አይቃጠልም ብለው፣ መኪናዋ ሞተሯ ጠፍቶ በሠራተኛው ኃይል እየተገፋች እንድትመረመር አዘዙ። የሂሳብ ክፍሉ፣ መዝገብ ቤቱ፣ ጽዳቶቹ ሳይቀሩ ጭቃ ውስጥ ገብተው ሲገፉ፣ እርስዎም ጃንጥላ ይዘው ከጎን ሲከተሉ፣ መኪናዋ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ሄደች። ችግሩ የሚታየው ቤንዚን ሲረገጥ ብቻ ነው ለማለት እጄን ባወጣ፣ ቤንዚኑን የሚረግጠው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔ ነኝ አልኩ፤ እንግዲያው ጥፋቱ የጥሩሰው እግር ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሲገፉ ውለው የደከሙት ጓዶች ወደየቤታቸው ለመሄድ ቸኩለው ስለነበር አልተቀየምኳቸውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳላስበው እጄን አውጥቼ ነበር። መንጃ ፈቃዴም ከዚያን ዕለት ጀምሮ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

3ኛ/ በእኔ ምትክ የመደቡት የባለቤትዎ ወንድም ዳኘ ቅን ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሀቢቾን ዳገት ሲጀምር ቤንዚን ቢሰጣት በግራ በኩል ይዛው ቦይ ገባች። ደግነቱ ከአንድ ገበሬ በቆሎ በቀር የተጎዳ የለም። ኮሚቴዎም ነገሩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ መኪናዋ ከጥሩሰው የቀሰመችው አመል ገና ስላልለቀቃት፣ አመሏን እስክትረሳ ድረስ ግቢ ውስጥ ትቁም ሲል ወሰነ። ሃያ ዓመት ስነዳ ለመኪና አመል ማስተማር እንደምችል አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ጓድ አክሊሉ፣ ጨዋታውን ትንሽ ላቁመው። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ገነቴ ምጥ ጠንቶባቸው፣ የጎረቤት ወንዶች ከጊምቢቹ በቃሬዛ እየተቀባበሉ፣ ዝናቡ እየወረደባቸው ሆሳዕና አደረሷቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ሴት ልጅ ተገላግለዋል። ባለቤታቸው በአደባባዩ ሲያልፉ ዱላ ይዤ ቅስቱ ሥር ቆሜ ቢያዩኝ፣ አንተ እዚህ ከሆንክ መኪናዋ የት ናት አሉኝ። አመሏን እየረሳች ነው ማለት አሳፈረኝ፤ ተናደድኩም።

4ኛ/ ስለ ጠባቂነት ሹመቴ የማቀርበው ምስጋና ግን ከልብ ነው። ቅስት አይሰረቅምና ቀኑን ሙሉ ሥራ የለኝም፤ ሥራ ያጣ ሰው ደግሞ የሚጠብቀውን ነገር ከላይ እስከ ታች ያያል። ከትናንት በስቲያ ሳይ፣ የቅስቱን አንድ ምሰሶ ከሥሩ ብረት ጋር ያሰሩት እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፉ ሁለት ብሎኖች የማውቃቸው ሆኑብኝ። ቀይ ቀለም ቢቀቡም ክረምት ሳይገባ በገዛ እጄ ያጠበቅኋቸው ስለሆኑ አልጠፉኝም። ወዲያው ግቢ ሄጄ ላንድሮቨሯ ሥር ብገባ፣ ከኋላ በግራ በኩል፣ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ ጎማውን ከያዘው ብረት ጋር በእንሰት ቃጫ ገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ፣ ግራሶ ተለቅልቆበት አገኘሁት። ቃጫችን ጠንካራ ነው፣ ቤት ያቆማል፣ በሬ ይይዛል፤ ላንድሮቨር ቤንዚን ስትጠጣ ግን ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ የግራው የኋላ ጎማ ወደ ፊት ይሸሻል፣ መኪናዋም ወደ ግራ ትዞራለች። ሲገፏት ግን ምን ያስለጥጠዋል?

መካኒካችንን ተገኘን ብጠይቀው አልደበቀኝም። ሐምሌ መግቢያ ላይ በመሩት ስብሰባ ለቅስቱ የሚሆን ብረት ከየክፍሉ ይዋጣ ሲሉ፣ በጋራዡ ትርፍ ብረት ቀርቶ ትርፍ ሚስማር አልነበረም። በእርስዎ ስብሰባ ላይ የለኝም የሚል ቃል ተሰምቶ ስለማያውቅ፣ ተገኘ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብሎ ሁለቱን ብሎኖች ከላንድሮቨሯ ፈትቶ ሰጠዎት፣ በምትካቸውም ቃጫ አሰረ፤ እርስዎም አስጨበጨቡለት። እባክዎ አይቆጡት፤ እኔ ስወነጀል ዝም ስላለ ቅቤ የጠገበ አታካና አብልቶ ክሶኛል።

ትናንት ሁለታችን ብሎኖቹን ወደ ባለቤታቸው መለስናቸው። መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ ዳኘ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ በዚያው በሀቢቾ ዳገት ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ቢረግጠው ንቅንቅ ሳትል ወጣች። ስለዚህ ነገ ጠዋት መንጃ ፈቃዴ ከመሳቢያዎ ወጥቶ እንዲመለስልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ፤ ጊምቢቹ ያሉት እናቶች የኮሚቴውን ቀጣይ ስብሰባ መጠበቅ አይችሉም።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሰጡኝ ዱላና ለሰጡኝ ዝናብ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር
እግሩ በሙሉ ድምፅ ጥፋተኛ የተባለው
ጥሩሰው ኤርሱሞ

ማስታወሻ፦ የቅስቱ ምሰሶ አሁን የታሰረው በዚያው ቃጫ ሲሆን፣ ንፋስ በመጣ ቁጥር እርስዎ መስከረም 2 ቆመው ንግግር ወደሚያደርጉበት ወገን ይጎትታል። ይህ ካሳሰበዎት ደጅዎ የቆመችው የእርስዎ ላንድሮቨርም እነዚያኑ ብሎኖች ስላሏት፣ ተገኘ መፍቻውን ይዞ ትእዛዝዎን እየጠበቀ ነው፤ ለእርስዎ የሚሆን ቃጫም አዘጋጅተናል።