ከበቅሎዎ ጎን ለሮጥሁባቸው ጠዋቶች

ንፋስ መውጫ፣ ግንቦት ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ታፈረ፣
ከገበያው በላይ ላለው ጽሕፈት ቤት ዋና ጸሐፊ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተ ሰብዎን ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የበቅሎዎን ጤና እጠይቃለሁ። በቅሎዋን ማስበለጤ እርስዎን ለማሳነስ አይደለም። የእርስዎን ጤና ሐኪሙም ጠበሉም ይጠብቁታል፤ የእኛ የባለጉዳዮች ነገር ግን በእርሷ እርምጃ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው። እኔ አገልጋይዎ ቻላቸው ቀለመ ወርቅ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በወጉ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መግባት እንደነበረበት አልጠፋኝም። ዳሩ ግን ወደዚያ የገባ ወረቀት የት እንደሚደርስ ስለማውቅ፣ በልብስ ሰፊው በአቶ አስናቀ በረንዳ ምሰሶ ላይ ለጥፌዋለሁ። በገበያ ዕለት ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ያነብለታል፤ ክቡርነትዎም በዚያ ሲያልፉ በቅሎዋን ለአፍታ ቢገቱልን አብረው ይሰሙታል። አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ በበርዎ ፊት ስላለው ድንጋይ አመሰግናለሁ። ደብረ ታቦር ተምሬ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ስመለስ፣ ድጓውን ጥዬ በመሄዴ አኩርፈውኝ የነበሩት አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ኩርፊያቸውን ትተው የመንግሥት እንጀራ ያብላህ ብለው መረቁኝ። በጽሕፈት ቤትዎ የጸሐፊነት ቦታ ክፍት መሆኑን ሰምቼ ማመልከቻዬን አስገባሁ። ዘበኛዎ ጋሼ ጓዴ «ሰኞ ና» አሉኝ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። በዚያ ድንጋይ ላይ ደጅ ስጠና ገብሱ ተዘራ፣ ታረመ፣ ታጨደ፣ ተወቃ። ለእናቴ ለወይዘሮ ደጊቱ ግን አንድም ወሬ ይዤ አልገባሁም። ስገባ ፊቴን አይታ ምሳዬን ታቀርብልኛለች፤ ሥራው ምን ሆነ ብላ አትጠይቀኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ መርፌው። በድንጋዩ ላይ ከመቀመጥ ብዛት የሱሪዬ መቀመጫ አለቀ። ማመልከቻ ይዞ የቆመ ሰው ፊቱን ብቻ እያሳየ ዘላለም መኖር አይችልምና፣ ፊት ለፊት ካለው በረንዳ መርፌና ክር ለምኜ እዚያው ጣፍሁት። አቶ አስናቀ የጣፍሁትን አገላብጦ አየና «እጅህ አይንቀጠቀጥም፤ ከምትቦዝን ና አግዘኝ» አለኝ። እንዲህ ሆኖ የመሪጌታ ልጅ የስፌት መኪና መርገጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጠርዝ ቀመቀምሁ፣ ቀጥሎ ኪስ ተከልሁ፣ ኋላም ኮት ቆረጥሁ። አባቴ እንደገና አኮረፉ፤ የአሁኑ ኩርፊያቸው ከፊተኛው ይረዝማል። የጽሕፈት ቤትዎን ደግነት እዚህ ላይ ማንሣት ይገባኛል፤ ያገለገለ ወረቀት ሲጠራቀም ጋሼ ጓዴ በጆንያ ሳይሆን በራሳቸው ጋቢ ተሸክመው ያመጡልናልና የኮሌታና የእጅጌ ልክ እናወጣበታለን። አንድ ቀን ኮሌታ ልቆርጥ ስል የገዛ እጅ ጽሕፈቴን አገኘሁት። ማመልከቻዬ ነበር፤ እንደታጠፈ ነው፣ የከፈተው ሰው የለም። መቀሱን አስቀምጬ ወረቀቱን ለብቻው አኖርሁት። ያን ቀን ምንም አልሰፋሁም።

በኋላ እንደሰማሁት ክቡርነትዎ «ልብስ ሰፊ ለጽሕፈት አይሆንም» ብለዋል አሉ። ይህን ሲናገሩ የለበሱት ካኪ ኮት የእኔ ሥራ ነው፤ ትከሻው ስለተስማማዎ ደስ ብሎኛል። ቦታውን ያገኘው የእህትዎ ልጅም ለሥራው የሚለብሰውን ያሰፋው ከእኛ ዘንድ ነው። ሲለካ እጁን ዘርግቶ በትዕግሥት ቆመልኝ፤ መልካም ልጅ ነው፣ ቅያሜ የለኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሩጫው። ያ ቦታ ከተያዘ በኋላ ጋሼ ጓዴ አንድ ቀን አዘኑልኝና፣ ሌላ ቦታ እንድለምን «እሳቸው ጉዳይ የሚሰሙት መንገድ ላይ፣ በእርካባቸው ጎን ነው» ብለው መከሩኝ። በተማሪነቴ ሯጭ ነበርሁ፤ በበዓል ቀን ብርድ ልብስ ተሸልሜአለሁ። ስለዚህ አልከፋኝም። የቀድሞዋ በቅሎዎ አሮጊት ስለነበረች ሶምሶማ ብቻ በቃኝ፤ ከቤትዎ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ሰላምታዬን ጨርሼ የአባቴን ስም እስክናገር ድረስ እደርስ ነበር። ቀሪውን ለማግሥቱ እያልሁ ስጠብቅ፣ ከስማዳ ያችን ሰጋር በቅሎ አመጡልዎ። ከዚያ ወዲህ «ክቡር ሆይ» ስል እርስዎ ግቢ ውስጥ ገብተዋል።

ምን ላድርግ፤ ንጋት ላይ በገብሱ ማሳ ዳር ዳር መሮጥ ጀመርሁ። ሲያርስ የነበረው ጎረቤታችን ጥጋቡ በሬዎቹን አቁሞ «ምን አባረረህ?» አለኝ። ምንም አላባረረኝም፤ እኔ ነኝ የማባርረው ብዬ አለፍሁት። ሰውም ቻላቸው ለየለት ይል ጀመር። እኔ ግን ትንፋሼ ሲጠነክር፣ ቃሌም እያጠረ ሲሄድ ተሰማኝ።

አራተኛ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ይህኛው ግን ሹመት ስለሆነ ቁጥር ልሰጠው አፈርሁ። ባለፈው ሳምንት፣ እንደሚያስታውሱት፣ ከቤትዎ እስከ ስፌት ቤታችን በረንዳ ከእርካብዎ ጎን ሳልለይ ሮጥሁ፤ ስሜን፣ ትምህርቴን፣ ልመናዬን አንድም ሳላስቀር በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁ። ልጓሙን ሳቡ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፊቴን አላዩም፤ እግሬን አዩና «ይህ እግር ደህና ነው፤ ሰኞ ጀምር» አሉ። ሥራው ምን እንደሆነ ጋሼ ጓዴ አስረዱኝ። ከበቅሎዋ ፊት ፊት እየሮጥሁ፣ በመንገድ ዳር የቆሙ ባለጉዳዮች ወደ እርካብዎ እንዳይጠጉ መከልከል ነው።

እናቴ ይህን ሳትሰማ፣ ሥራ ማግኘቴን ብቻ ሰምታ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። አባቴም ከኩርፊያ ወጥተው ስሜን ጠርተውኛል። ድንጋዩ ላይ ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች፤ ወይዘሮ ተሾመች ትባላለች፤ የሟች ባሏን መሬት የባሏ ወንድም ነጥቋት ከአርብ ገበያ በእግሯ የምትመላለስ፣ ጉልበቷ የታመመ፣ ቆሎዋን የምታካፍለኝ ሴት ናት። ሹመቴን ስትሰማ ሁለት ጉንጬን ስማ «እንግዲህ ልጄ፣ አንተ ካለህ አንድ ቀን ታስጠጋኛለህ» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያ የምገፋው ሰው እርሷ ናት። ከሁላችንም ቀድማ የምትቆመው እርሷ ናትና።

ስለዚህ ሹመቱን በታላቅ አክብሮት መልሻለሁ። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። ከዚህ በኋላ ምን እንደምሆንም አላውቅም፤ ሩጫዬም ስፌቴም እዚህ ድረስ ብቻ አመጡኝ። ሰኞ ጠዋት ከወይዘሮ ተሾመች ጎን፣ ድንጋዩ ላይ ያገኙኛል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለበቅሎዋ ለስላሳ መንገድ እየተመኘሁ፣ ከእርካብዎ ትንሽ ኋላ በአቧራው ውስጥ ሆኜ እጅ የምነሣ፣

ቻላቸው ቀለመ ወርቅ፣
ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ልብስ ሰፊ።

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለአዲሲቱ በቅሎ የኮርቻ ልብስ እንድንሰፋ አዝዘው፣ መቀመጫው እንዲለሰልስ ጥጥ እንደሚላክልን ነግረውን ነበር። ጥጡ አልመጣም፤ አሽከርዎ ግን በየቀኑ አጣደፈን። ስለዚህ ጋሼ ጓዴ ባመጡልን ወረቀት ሞላሁት። ተመችቶኛል ማለትዎን ስሰማ ደስ አለኝ። የእኔ ማመልከቻ በቀኝ በኩል ነው፤ ከዚያው ክምር ያገኘሁት የወይዘሮ ተሾመች ግን መካከል ላይ ነው፤ በጉልበቷ መድረስ ስላልቻለች እርሷን ቅርብ አደረግኋት። ስፌቱን በአንድ ክር ብቻ ነው የዘጋሁት፤ ሊያነቡን የፈለጉ ዕለት ክሩን ይሳቡት፣ ሁላችንም እንወጣለን።